ተማሪዎቼን ስለ ስፖርት ጉዳት ላስተምር ነው፤ ከየት ልጀምር?

የሜዳው መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ዘንድሮ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆችን ስለ ስፖርት ጉዳት በደንብ ላስተምራቸው ፈልጌአለሁ። እንዴት እንደሚከላከሉት፣ ሲደርስ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከዚያ ደግሞ እንዴት አገግመው ወደ ሜዳ እንደሚመለሱ። መጽሐፍ አስነብቤ፣ ትርጉም አጽፌ፣ ፈተና ላይ "ከሚከተሉት ውስጥ የቱ ነው" ብዬ ማለፍ ግን አልፈልግም።

ያነሳሳኝን ልንገራችሁ። በክፍሎች መካከል በተደረገ ጨዋታ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ኳስ በቴስታ ሊመታ ዘሎ ሲወርድ እግሩ ወለም አለ። እኔ ከሜዳው ማዶ ነበርኩ። እስክደርስ ድረስ አሥራ ምናምን ልጅ ከቦታል። አንዱ ጫማውን ያወልቃል፣ አንዱ እግሩን ይስባል፣ አንዱ የሃይላንድ ውሃ ያፈስበታል፣ ሌላው "አስነሱት፣ ይራመድበት፣ እንዳይደርቅ" ይላል። ሁሉም ሊረዳው ብሎ ነው። ቤተሰብ ወጌሻ ጋ ወሰደው፤ ታሸ፣ ታሰረ። በሳምንቱ ካልሲው ስር ፋሻ ጠቅልሎ ተሰልፎ አየሁት። ያው እግሩ እንደገና ዞረ።

አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በረዶ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ጥጥና አዮዲን ነው። ርዕሰ መምህራችን "ይሄ የሐኪም ሥራ ነው፣ አንተ ኳስህን አጫውት" ይለኛል። እውነቱን ነው ወይ? ሪሃብ የሚባለው፣ ከጉዳት በኋላ የሚሠራው የማገገሚያ ልምምድስ፣ ለሃይስኩል ልጅ አይከብድም? ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

ሰላም_ፊዚዮ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ።

ርዕሰ መምህርህ ግማሹን ልክ ናቸው። መመርመርና ማከም ያንተም የተማሪዎችህም ሥራ አይደለም። ግን ልጁ በወደቀባት ደቂቃ እኔ እዚያ የለሁም፤ ያሉት እነዚያ አሥራ ምናምን ልጆች ናቸው። እኔ ጋ የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም ከመጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እጅ በመሰብሰብ ጀምር። አይጎተትም። አይታሽም። በግድ አይነሳም። የወደቀውን አንድ ልጅ ብቻ ያናግረው፤ "የት አመመህ? እግርህን ራስህ ታንቀሳቅሰዋለህ?" ይበለው። ሌላው ሰው አምስት እርምጃ ወደ ኋላ። እግሩ ከተጣመመ ወይም አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ባለበት ሁኔታ በካርቶንና በጨርቅ ይደገፋል፣ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። "ላስተካክለው" ብሎ የሚጎትት ሰው እንዳይጠጋው።

ለቁርጭምጭሚት ልጆች የሚወዱት አንድ መመዘኛ አለ። ኦታዋ ይባላል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው፣ ዛሬም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ልጁ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ በራሱ መሄድ ይችላል? ከዚያ በግራና በቀኝ ጎላ ብለው የወጡትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው፣ ከጫፋቸው እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ በጣትህ ስትጫን አጥንቱን ያመዋል? በመርገጫው ውጪያዊ ጎን መሃል ላይ ወጣ ያለችውን አጥንት፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለችውንስ? መራመድ ካቃተው ወይም ከነዚህ ቦታዎች አንዱ አጥንቱ ላይ ካመመው ራጅ ይነሳ። ሁለቱም ከሌለ ስብራት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው በየራሳቸው እግር ላይ ቦታዎቹን ይፈልጉ። አጥንቱ የቱ፣ ጅማቱ የቱ እንደሆነ በጣታቸው ካወቁት ሥዕል ከማስገልበጥ ይሻላል። እውነተኛ ጉዳት ሲመጣ ግን ወሳኙ አንተ ነህ፣ ከተጠራጠርክ ደግሞ ሐኪም።

በረዶ የለም ብለህ አትጨነቅ። "ራይስ" የሚባለውን ቀመር፣ ማለትም ዕረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለል፣ ከፍ ማድረግ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ በረዶ ማገገሙን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ሐሳቡን ቀይሯል። በረዶ ህመም ያስታግሳል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ለጊዜው ያንን ይሠራል። ይበልጥ የሚጠቅመው በላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ስር ጀምሮ ወደ ላይ መጠቅለልና እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት የለም፣ ትኩስ ነገር የለም።

ሪሃብ ይከብዳል ወይ ላልከው፣ እንዲያውም በዕቃ ረገድ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ጅማት ሲጎዳ፣ እግር መሬት ላይ እንዴት እንዳረፈ ለአእምሮ የሚነግረው ስሜት አብሮ ይደክማል። ህመሙ ይጠፋል፣ ልጁ "ድኛለሁ" ይላል፣ ስሜቱ ግን አልተመለሰም። ያንተም ልጅ በሳምንቱ የወደቀው ለዚህ ይሆናል። መድኃኒቱ በአንድ እግር መቆም ነው። መጀመሪያ ዓይን ተገልጦ፣ ቀጥሎ ዓይን ተጨፍኖ፣ ከዚያ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ በኋላ ኳስ እየተወረወረለት። ይህ ለሳምንታት በየቀኑ ይሠራል። ጥርሱን ሲፍቅም ይሥራው። ወደ ጨዋታ የሚመለሰው በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ ተረከዙን ደጋግሞ ሲያነሳ፣ በዚያው እግር እንደ ጤነኛው ሲዘል፣ በፍጥነት ሮጦ ድንገት ሲታጠፍ ሳያመው ነው። ቀን መቁጠር ብቻ አይበቃም።

የድሮ በረኛ

ልጆች፣ ወጌሻን እንዲህ አታጣጥሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በወጌሻ እጅ ነው የተጫወትኩት። በኛ ጊዜ ክለብ ሐኪም ነበረው እንዴ? ሰው ሲወድቅ ወጌሻው ነው በሩጫ የሚገባው። ትከሻዬ ወልቆ አስገብቶልኝ ሁለተኛውን አጋማሽ ጨርሻለሁ። የዛሬ ልጅ ትንሽ ሲነካ ክራንች ይጠይቃል። ኃይሌ አቴንስ ላይ ተረከዙን እያመመው አይደል እንዴ የሮጠው?

ሰላም_ፊዚዮ

ጋሼ፣ አንጋፋ ስለሆኑ አከብርዎታለሁ፣ ግን ትከሻውን አይንገሩኝ! ሲወልቅ አብሮ የተሰበረ አጥንት ቢኖርስ? ስር የሚያልፈው ነርቭስ?

ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ መኖሩን አልክድም። እኛ ጋ የሚመጣው ግን በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ እብጠቱ ሲጨምር ደም መተላለፊያ አጥቶ፣ ጣቶቹ የጠቆሩበት ልጅ ነው። አገራችን ውስጥ ሕፃናትን እጅና እግር እስከማስቆረጥ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ይሄ መሆኑን የሆስፒታል ጥናቶች ደጋግመው ጽፈዋል። መምህር፣ ይሄን ለልጆችህ አስተምራቸው፤ ወጌሻ ጋ አትሂዱ ብትላቸው ቤተሰብ አይሰማቸውም፣ ምልክቱን ካወቁት ግን ወንድማቸውን ያድናሉ። ከታሰረ በኋላ ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ሌላ ሰው ጣቱን ቀና ሲያደርግለት ከጮኸ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ይፈታል፣ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ክፍል ውስጥ የጥፍር ሙከራውን አሠራቸው። ጥፍሩን ተጭነህ ስትለቀው ይነጣል፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዚያ የእጅ አንጓቸውን በክር ጠበቅ አድርገው ለአፍታ ይሰሩና ልዩነቱን ይዩት።

የድሮ በረኛ

እሺ፣ ጥብቅ ማሰሩን እኔም አልወደውም። የኛ ወጌሻ ስብራት ሲያይ "ይሄ የኔ አይደለም፣ ሂድ ራጅ ተነሳ" ነበር የሚለው። እንደዚያ ዓይነቱን ነው የማወራው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ኃይሌን ስላነሱ ልግባ። አቴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ በአኪለስ ጅማቱ ጉዳት ነው የሮጠው፣ አምስተኛ ወጣ፣ ቀነኒሳ አሸነፈ። ኃይሌ ያኔ የ31 ዓመት ሰው ነው፣ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው፣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ውሳኔው የራሱ ነው። በክፍሎች ጨዋታ የሚሰለፍ የ16 ዓመት ልጅ ግን ጓደኞቹ "ፈሪ" እንዳይሉት ነው የሚገባው። ሁለቱ አይገናኙም።

እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሃይስኩል አትሌቲክ ትሬነር ነኝ። ጂም ውስጥ ክብደት የሚያሠራው አይደለም፤ የተጫዋቾችን ጉዳት የሚከላከልና የሚንከባከብ የጤና ሙያ ነው። አሁን ወደ ሙያው አዲስ የሚገባ ሰው ማስተርስ መማር ግድ ሆኖበታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች "ስፖርት ሜዲሲን" የሚባል የምርጫ ትምህርት አላቸው፣ የኛ አገር ሰዎች ልጆችም ብዙዎቹ ይወስዱታል፤ ነርስ ወይም ዶክተር እንዲሆኑ ወላጅ ስለሚገፋ እንደ መለማመጃ ያዩታል። አናቶሚ ይማራሉ፣ የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ማነቃቂያ ሰርተፊኬት ይወስዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወጥተው ውሃና ቦርሳ ይይዙልኛል። በጣም የሚወዱት ቁርጭምጭሚት ቴፕ ማድረግን፣ ማለትም በሚለጠፍ ፋሻ መጠቅለልን ነው። ከስር ስፖንጁን ሳይጠቀልል ቴፑን ቆዳ ላይ የለጠፈ ልጅ፣ ሲላጥ ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይረሳም። ግን እውነቱን ንገረን ካልከኝ ቴፑ ከሁሉም ትንሹ ነገር ነው። አንተ እሱ ባይኖርህ ምንም አልቀረብህም። እዚህም ቢሆን ከሦስት ትምህርት ቤት አንዱ ገደማ ምንም ዓይነት አትሌቲክ ትሬነር የለውም፣ አሜሪካ ሁሉ ነገር አለ ብለህ እንዳትቀና።

ከዚህ ውሰድ የምልህ ደንቡን ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ዛከሪ ሊስቴት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ በጨዋታ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ትንሽ አረፈ፣ ተመልሶ ገባ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈ፣ የአካል ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በስሙ በ2009 ሕግ ወጣ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሃምሳዎቹም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ምልክት ያሳየ ልጅ በዚያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፣ ከዚያም ባለሙያ ሳይፈቅድ አይጫወትም። አሰልጣኝ ቢለምን፣ ዋንጫ ቢሆን፣ አባቱ ቢቆጣ አይመለስም።

ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው ራስን መሳት ግድ አለመሆኑን ነው። አብዛኛው አይስትም። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ "ስንት ለስንት ነን?" ይላል፣ ትነግረዋለህ፣ መልሶ ይጠይቃል። ይፈዛል፣ ብርሃን ያስጠላዋል፣ ያዞረዋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና መቀስቀስ ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይን ብሌኑ ከሌላው ከሰፋ ቤት አይላክም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሁለተኛው፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍ። ሰው ሲወድቅ ማን ይደውላል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አምቡላንስ ከራቀ የየትኛው ባጃጅ ሹፌር ስልክ አለን? የግቢውን በር ማን ይከፍታል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ወላጅ ጋ ማን ይደውላል? እዚህ እኛ በየዓመቱ ወረቀቱን እንለማመደዋለን፣ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው በሩ ነው። ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል።

7 ቁጥር

ወንድሞቼ በጣም ደስ ይላል፣ ግን የምታወሩት ስለየትኛው አገር ሜዳ ነው? የኛ ሃይስኩል ሜዳ ላይ ጠዋት ፍየል ይግጣል፣ ከሰዓት ኳስ እንጫወታለን። ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ጉድጓድ። ሪሃብ ከማውራታችሁ በፊት ሜዳ ሥሩ።

የሜዳው መምህር

7 ቁጥር ሳቄን አመጣኸው፣ ግን ነጥብ አለህ። ከኛ ፍየሎቹ ሳይሻሉ አይቀሩም፤ ሣሩን እኩል ያደርጉታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ልክ ነው 7 ቁጥር፣ ታዲያ የመጀመሪያው የመከላከል ትምህርት እሱ ይሁን። ልጆቹን ጎን ለጎን አሰልፈህ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አስኪዳቸው፤ ድንጋይ፣ ጠርሙስ፣ ሚስማር ያንሱ፣ ጉድጓድ አፈር ይሙሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎሉን ደግሞ ያናውጡት። መሬት ውስጥ ያልተተከለ የብረት ጎል ላይ ልጅ ሲንጠለጠል ይገለበጣል፣ በዚህ የሞቱ ልጆች በብዙ አገር አሉ። የመረብ ኳስ ምሰሶም እንደዚያው።

ሰላም_ፊዚዮ

መከላከል ከተነሳ ፊፋ 11 ፕላስን ፈልገህ አውርድ። ማሟሟቂያ ነው። 15 እንቅስቃሴ፣ በጠቅላላ 20 ደቂቃ። መጀመሪያ ስምንት ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን፣ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ከኳስ ሌላ ዕቃ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ጉዳት በሲሶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ግን መሠራት አለበት። አንዴ አሳይተህ ብትተወው ዋጋ የለውም።

የሜዳው መምህር

ከ40 ደቂቃ 20 ለማሟሟቂያ? ልጆቹ ኳስ ሳይነኩ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አመፅ ይነሳብኛል። :)

ሰላም_ፊዚዮ

ሙሉውን ለትምህርት ቤቱ ቡድን አድርገው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ። ለክፍል ሁለት ነገር ምረጥ።

አንዱ ከዝላይ አወራረድ ነው። የጉልበት ጅማት፣ ልጆቹ ኤሲኤል የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው ነው፤ ሲወርድ ወይም ድንገት ሲታጠፍ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። በተመሳሳይ ስፖርት ሴቶች ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይጋለጣሉ። ከወንበር ላይ አዝልላቸውና በስልክህ ከፊት ለፊት ቅረጽ። ጉልበታቸው ሲጋጠም ራሳቸው ሲያዩት ይደነግጣሉ። ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ ጋር፣ ዝቅ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መውረድ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ልጅ ካለህ ደግሞ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ውድድር እንዳታስገባው፣ ቢያለቅስም።

ሁለተኛው ኖርዲክ ነው፣ ለሃምስትሪንግ፣ ማለትም ለጭን የኋላ ጡንቻ። ልጁ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ ይይዝለታል፣ ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሲያቅተው በእጁ ያርፋል። በጥቂት ጀምር። የመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ መውረድ ያቅታቸዋል፣ ያልፋል። አዘውትረው በሠሩት ላይ የሃምስትሪንግ ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል።

የሩጫ ልጅ

ቲቸር ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። እኔ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ 3000 ሜትር ነው የምሮጠው። ቅልጥሜን ከፊት በኩል ያመኛል። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር፣ አሁን ቁጭ ብዬም ይሰማኛል። አሰልጣኛችን ሩጪበት ይለቅሻል አለኝ። ልሩጥበት?

ሰላም_ፊዚዮ

እህቴ፣ አሁን አትሩጪበት። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አጥንቱን ተከትሎ ረዘም ያለ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ህመም ከሆነ "ሺን ስፕሊንት" የሚባለው ነው፤ ሩጫ በፍጥነት ሲጨመር፣ አስፋልት ላይ ሲበዛ፣ ጫማ ሲያልቅ ይመጣል፣ ቀንሶ በመሥራት ይስተካከላል። በአንድ ጣት "እዚህች ጋ" ብለሽ የምታሳይው ቦታ ከሆነ፣ በእረፍትና በሌሊትም የሚሰማሽ ከሆነ፣ አጥንቱ ላይ የድካም ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ "ራጁ ደህና ነው" ቢሉሽም ህመሙ ካለ አትመለሽበት። አንቺ ቁጭ ብለሽም ያምሻል ስላልሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ በዚህ ሳምንት።

ሌላ ልጠይቅሽ፣ እዚህ አትመልሽልኝ። የወር አበባሽ ቀርቶ ወይም ተዛብቶ ነበር? በደንብ ትበያለሽ? በጾም ሰዓት ሳትበይ ረጅም ትሮጫለሽ? ሰውነት ለሩጫው የሚበቃ ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚቆጥበው ከወር አበባ ነው፣ ከዚያ አጥንት ይሳሳል። ለሐኪሙ ይሄንንም ንገሪው። ጹሚ አትጹሚ አልልሽም፣ እሱ ያንቺና የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው፤ ግን ከጾምሽ ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ አድርጊው፣ ሽሮውም ምስሩም ይብዛ።

መምህር፣ ይሄንን አንተ ወንድ ሆነህ ሴት ልጆችን መጠየቅ ይከብድሃል። አንዲት ሴት መምህርት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሴቶቹን ለብቻ ትያዝልህ።

የሩጫ ልጅ

እሺ እናመሰግናለን። በአንድ ጣት ነው የማሳየው…

ሰላም_ፊዚዮ

እንግዲያው ነገ ሂጂ። ለአሰልጣኝሽም ይሄን ጽሑፍ አሳይው።

የድሮ በረኛ

አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳ ላይ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱ አሉ። እሱስ ትክክል ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ በጣም ጥሩ አነሱ። ክብሪት ምንም አይጠቅምም፣ ለሚጥል በሽታም ቢሆን። ሊያቃጥሉት ካልሆነ በቀር።

ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ የወደቀ ተጫዋች ካያችሁ መጀመሪያ ልብ ነው ብላችሁ አስቡ። የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2021 በዴንማርክና በፊንላንድ ጨዋታ እንዴት እንደወደቀ ሁላችሁም አይታችኋል። ማንም አልነካውም። ጓደኞቹ ወዲያው ባለሙያ ጠሩ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ልቡን አነቃቁት፣ ተርፎ እንደገና ኳስ ተጫወተ። ደንቡ ይሄ ነው፤ ጠርተኸው ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከሌለ ወይም አልፎ አልፎ እንደማቃሰት ብቻ ከሆነ፣ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየገባ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጡ፣ እየተቀያየሩ። የ15 ዓመት ልጅ በደንብ ይችለዋል። መለማመጃ አሻንጉሊት ከሌለህ በአሮጌ ልብስ የታጨቀ የዱቄት ጆንያ ይሠራል። ሰው ላይ ግን ለልምምድ አይጫንም።

በሚጥል በሽታ ከሆነ የወደቀው፣ አፉ ውስጥ ምንም አይከተትም፣ እጁ አይያዝም። ከጭንቅላቱ ስር ሹራብ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል።

የሜዳው መምህር

ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርዕሰ መምህሩን ዛሬ አናገርኳቸው። "ሕክምና አላስተምርም፣ ልጅ እንዳይጎተት ነው የማስተምረው" ስላቸው ፈቀዱ፤ የበሩን ቁልፍ ተጨማሪ ኮፒ ለማስቀረጽም ተስማምተዋል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሜዳ ማጽዳትና "አትንኩ" ይሆናል፣ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚትና የጥፍር ሙከራ። የጭንቅላቱን ለሁሉም ክፍል በሰልፍ ሰዓት ልናገረው አስቤአለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ፈተናውን እንዴት ላውጣ? ደግሞ እግሩ የታሰረ ልጅ ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ ማርክ ምን ልስጠው?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ፈተናው በተግባር ይሁን። አምስት አምስት አድርጋቸው። አንዱ ይወድቃል፣ ምን እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ለእሱ ብቻ ይሰጠዋል፤ "ጭንቅላቴን ተመታሁ፣ አንድ ጥያቄ እደጋግማለሁ" ወይም "ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፣ መራመድ አልችልም"። የቀሩት አራቱ ምን እንደሚያደርጉ አንተ ታያለህ። ትልቁን ማርክ ሰው ወደ ኋላ ለመለሰው ስጥ፣ ቀጥሎ ለደወለው። እግር የጎተተ ከባዶ ይጀምራል። ከ60 ልጅ ጋር ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብሃል፣ ግን በማረም የምታጠፋውን ጊዜ ታተርፋለህ።

ሰላም_ፊዚዮ

የታሰረውን ልጅ ቁጭ አታድርገው። እጁ ደህና ነው አይደል? ፑሽ አፕ በጉልበቱ ተደግፎ፣ የሆድ እንቅስቃሴ፣ በጤነኛው እግር ሚዛን፣ ሐኪሙ ያልከለከለውን ሁሉ ይሥራ። በዚያ ማርክ ስጠው። ከዚያ ሌላ ደብተር ስጠውና የጉዳት መዝገብ ያዥ አድርገው። ቀን፣ ክፍል፣ የቱ የሰውነት ክፍል፣ በምን ሁኔታ፣ ሜዳው ላይ የት ቦታ፣ መቼ ተመለሰ። ስም በኮድ ይሁን። በሴሚስተሩ መጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው ቁጥሩን ይደምሩት፣ የትኛው የሜዳው ጥግ ሰው እንደሚጥል ታገኛለህ።

7 ቁጥር

የኛን እኔ ልንገራችሁ፣ የኮርነሩ ጋ ያለው ጉድጓድ ነው። መዝገብ አያስፈልገውም። :)

የሜዳው መምህር

የኛም ኮርነሩ ጋ ነው! ሰኞ አፈር እናስሞላለን።